ከኮተቤ ወዴት ትነዳለህ?

አንባቢ ሆይ፤ ከመገናኛ ተነሥተህ ላም በረትን አልፈህ ወደ ምሥራቅ ስትወጣ ኮተቤ ትደርሳለህ። በግራህ ባሕር ዛፍ የለበሰው የየካ ተራራ ከእንጦጦ ጋር ተያይዞ ይታይሃል፤ በፊትህ መንገዱ ወደ ካራ ሽቅብ ይወጣና በሰንዳፋና በደብረ ብርሃን አድርጎ ደሴ ይገባል። መምህራንን በማሠልጠን ስሙ የታወቀው ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚሁ ሰፈር ነው። እንግዲህ ኮተቤ የከተማው በር ነው፤ አንዱ ወደ ቢሮው ይወርድበታል፤ ሌላው ወደ ሰሜን ይወጣበታል።

ከአባትህ የወረስከው አሮጌ ባለ ቤንዚን ላንድ ክሩዘር አለህ እንበል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ አሮጌውን ጥሎ ሌላ መተካት ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም። ሞተሩ ዘይት ማቃጠል ሲጀምር ወዳጅ ዘመድ ሁሉ፣ «የናፍጣ ሞተር አስገጥምና ተገላገል» ይልሃል። ምክሩን ከመቀበልህ በፊት እርሳስና ወረቀት አንሣ።

የቤንዚን ሞተር የሚቀጣጠለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። ናፍጣ ግን ካንዴላ አይሻም፤ አየሩን ሃያ እጥፍ ያህል አምቆ በግለቱ ብቻ ያቀጣጥላል። ነዳጅ የሚቆጥበውም፣ ብረቱ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ወጪው ሱማሌ ተራ ወርደህ ለሞተሩ የምትከፍለው ብቻ አይደለም። የሞተሩ መቀመጫ ይለወጣል፤ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው መስማማታቸው ይታያል፤ ሞቶሪኖው፣ ባትሪው፣ ራዲያተሩና የጭስ ማውጫው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ፖምፓው ካረጀ ደግሞ ያሰብከው ቁጠባ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቶዮታ ራሱ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ መኪና ላይ ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ይገጥም ስለ ነበር፣ ከዚያው ወገን የሆነ ሞተር ብታገኝ ጣጣው ይቀልልሃል። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሚመዘገብ ነገር ነውና፣ ሕጋዊ ማስረጃ የሌለውን ሞተር ርካሽ ነው ብለህ አትንካ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ዋጋ ቤንዚን በሊትር 91.14 ብር፣ ናፍጣ 90.28 ብር ነበር። ልዩነቱ አንድ ብር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ትርፉም የነበረው በሊትሩ ማነስ ላይ ብቻ ነው። መኪናህ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ቤንዚን ይጠጣ ከነበረና በናፍጣ 14 ሊትር ከበቃው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 559 ብር ያህል ታተርፋለህ።

ከኮተቤ ቢሮህ ደርሰህ ስትመለስ በቀን 20 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ብትነዳ 6,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ትርፉም 33,500 ብር ገደማ ነው። ጠቅላላ ወጪህ 400,000 ብር ቢሆን፣ ገንዘብህ የሚመለሰው በ12 ዓመት ነው! ኑሮው 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ደብረ ብርሃን ጋር የተያያዘው ጎረቤትህ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ደርሶ ቢመለስ፣ በዓመት 27,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ እርሱ ያንኑ ወጪ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ይመልሳል። ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ድረስ የሚዘልቅ ከሆነም ቱርቦ ያለውን ይምረጥ። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

እንግዲህ፣ ወዳጄ፣ ጋራዥ ከመግባትህ በፊት ኮተቤ ላይ ቆመህ መንገድህን ተመልከት። አፍንጫህ ወደ ካራ ከሆነ ናፍጣው ይክስሃል። በየማለዳው ቁልቁል ወደ መገናኛ ከሆነ ግን የአባትህን ሞተር አሳድስና ያዝ፤ የተረፈህ ገንዘብ ለልጆችህ ትምህርት ይሁን።