ዝም ያሰኘነው ድምፅ

የዛሬውን ጥሞና መጻፍ ቀላል አልሆነልንም። ስንጀምረው ስንተወው ቆይተናል። ነገሩ የሚጀምረው በአንድ ብረት መፈለጊያ ማሽን ነው፤ የሚያልቀው ግን በራሳችን ልብ ላይ ነው።

እኛ ባልና ሚስት ነን፤ የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ከማንኩሳ አለፍ ብሎ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከቤተሰብ የደረሰን ትንሽ የበርበሬ ማሳ አለን። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ግድም፣ በታኅሣሥ ወር፣ በርበሬ ስንለቅም ውለን ማታ ቤት ስንደርስ ከሁለታችን የአንዳችን ጣት ባዶ ነበር። የጋብቻ ቀለበታችን ጠፍቷል።

ያን ጊዜ አብራን የምትኖር አንዲት ልጅ ነበረች። ከቡሬ ገጠር የመጣች፣ ቀን ቤት ውስጥ የምታግዘን፣ ማታ 7ኛ ክፍል የምትማር ልጅ ናት። ያን ቀን ማሳው ላይ አብራን ውላለች። ቤቱን ገለበጥነው፤ አልተገኘም። ከዚያ ልጅቷን ጠየቅናት። በማግስቱም ጠየቅናት። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ጥያቄ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ደገምነው። «ሌባ ነሽ» አላልናትም። ነገር ግን የማንቆልፈውን ሣጥን መቆለፍ ጀመርን፤ ሱቅ ስንልካት መልሱን ሁለት ጊዜ እንቆጥር ነበር። አፋችን ያላላትን ቁልፋችን አላት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልብሷን በፌስታል ይዛ ሄደች። የመጨረሻውን ወር ደመወዟን አልጠየቀችንም፤ እኛም አልሰጠናትም። መሄዷን ደግሞ እንደ ማስረጃ ቆጠርነው።

ከዚህ የባሰም አደረግን። በቤት ለቤት የጸሎት ኅብረታችን ላይ «በቤታችን የተደረገውን ነገር ጌታ ይግለጠው» ብለን አስጸለይን። ስሟን አልጠራንም፤ ግን ማን እንደሆነች ያልገባው ሰው አልነበረም። ወገኖች፣ ሐሜት «የጸሎት ርዕስ» የሚል ልብስ ሲለብስ ከማንም በላይ ጨዋ ይመስላል።

ባለፈው ግንቦት የእህታችን ልጅ ወደ ቤታችን መጣ። ወርቅ ፍለጋ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተሻግሮ ከጓደኞቹ ጋር የሠራ ወጣት ነው። አዲስ ዲቴክተር ገዝቶ ነበር፤ አጠቃቀሙን ገና እየለመደው ነው። «እስቲ የጠፋችሁን ቀለበት እንሞክርበት» አለን። እውነቱን እንናገር፤ ቀለበቱ ማሳው ላይ ይገኛል ብለን አልነበረም። ለልምምድ ይሁነው ብለን ነው።

ወደ ማሳው ከመውጣታችን በፊት ለቀበሌው አሳወቅን። ይህን የምንነግራችሁ ለሌላውም ይጠቅማል ብለን ነው። በአገራችን በመሬት ውስጥ ያለ ጥንታዊ ቅርስ የሕዝብ ሀብት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር አይቻልም፣ በአጋጣሚ የተገኘም መነገር አለበት። 1780 የተጻፈበትን ማርትሬዛ ብር ፍለጋ የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ መቆፈር ጥፋት ነው። ሌላው ደግሞ አደጋው ነው። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ዊንጌት የጌድዮን ጦርና አርበኞቻችን ከጣሊያን ጋር የተዋጉት በዚሁ በቡሬና በደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ ነው። ጦርነት ባለፈበት ምድር የሚጮኸው ሁሉ ወርቅ አይደለም። ቦምብ ወይም የከባድ መሣሪያ ጥይት የሚመስል ነገር ካያችሁ አትንኩት፤ ምልክት አድርጋችሁ፣ ራቅ ብላችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

የመጀመሪያው ቀን መከራ ነበር። ማሽኑን ከፍተን የመስማት አቅሙን፣ ሴንሲቲቪቲ የሚሉትን፣ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግነው። ብዙ ከሰማ ብዙ ያገኛል ብለን ነው። ማሽኑ ግን እንደ ታመመ ሕፃን ያለማቋረጥ ጮኸ። ድንጋይ ላይ ይጮኻል፣ አፈር ላይ ይጮኻል፣ አየር ላይም ይጮኻል። ግማሽ ቀን ቆፍረን አንድ ሚስማርና ሦስት ቆርኪ አገኘን።

ማታ ልጁ እየሞከረ የተማረውን አስረዳን። ማሽኑ ወደ መሬት መግነጢሳዊ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ብረታ ብረት ሲያገኝ በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዑደት ይፈጠራል፤ ከዚያ የሚመለሰውን ምላሽ ማሽኑ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ችግሩ የእኛ ቀይ አፈር ራሱ ብረት የበዛበት መሆኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። ምንም ብረት የሌለበት ቦታ ይመረጥና ክቡ ጫፍ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍ ዝቅ ይደረጋል፤ ድምፁ ከፍታና ዝቅታውን ትቶ እኩል እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። ቀጥሎ የመስማት አቅሙን ጩኸቱ እስኪረጋ ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ ገረመን። አቅሙን ስንቀንሰው ጠለቅ ያለውን ነገር መስማት ቻለ፤ በጩኸቱ ተውጦ የነበረው ቀጭን ድምፅ ብቅ አለ።

ሌላም ተማርን። የእጅ ስልክን ማጥፋት፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ራቅ ማለት፣ ክቡን ከመሬት ጋር እኩል አድርጎ በዝግታ ማወዛወዝ፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ አለማንሳት፣ አንዱን ረድፍ በሌላው ላይ በግማሽ መደረብ። የቸኮለ ሰው በቀለበት ላይ አልፎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት በጓሯችን መለማመጃ አዘጋጀን። ሚስማር፣ ቆርኪ፣ የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀትና ከጎረቤት የተዋስነውን ስስ የወርቅ ቀለበት እየተራራቁ በግማሽ ስንዝር ጥልቀት ቀበርናቸው። ማሽኑ የማንፈልገውን ነገር ዝም የሚያሰኝ መለያ አለው። በእንግሊዝኛ ዲስክሪሚኔሽን ይባላል፤ ይኸው ቃል አድልዎ ማለትም እንደሆነ ልጁ ነገረን። በዚያ ሰዓት ልብ አላልነውም። መለያውን ትንሽ ከፍ ስናደርገው ሚስማሩ ዝም አለ፤ ደስ አለን። አሁንም ከፍ ስናደርገው የማስቲካው ወረቀት ዝም አለ፤ አሁንም ደስ አለን። ከዚያ ቀለበቱ ላይ ስናሳልፈው እርሱም ዝም አለ።

ማሽኑ አልተበላሸም። ስስ የወርቅ ቀለበት የሚሰጠው ምላሽ ለብልጭልጭ ወረቀት ምላሽ በጣም የቀረበ ነው። «ቆሻሻ ነው» ብለን አስቀድመን በወሰንነው ድምፅ ውስጥ ወርቁም ነበረበት። ልጁ ሳቀና «ቀለበት የሚፈልግ ሰው ቆሻሻ ለመቆፈር መጨከን አለበት» አለ። መለያውን ወደ ዜሮ መልሰን ወደ ማሳው ሄድን።

ያን ቀን ስንት ቆርኪ፣ ስንት የምላጭ ስባሪና የባትሪ ድንጋይ እንደቆፈርን አንቆጥረውም። አመሻሽ ላይ ምሳ የበላንበት የዋንዛ ዛፍ ሥር፣ ሞፈር በማይደርስበት ድንበር ላይ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማን። አቅጣጫ ቀይረን ብናሳልፈውም ደገመው። በእጃችን ጫር ጫር አደረግነው። መጀመሪያ የማስቲካ ወረቀት ወጣ። ልንተወው ስንል ልጁ ጉድጓዱን እንደገና ፈተሸው፤ አሁንም ይጮኻል። ከግማሽ ስንዝር በታች፣ ሁለት ክረምት አልፎበት፣ ቀለበታችን ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ትዝ አለን። በርበሬው ከቀለበቱ ሥር ጣት እያቃጠለ ሲያስቸግር አውልቀን የነጠላ ጫፍ ላይ ቋጥረነው ነበር። ምሳ ልንበላ ስንል ነጠላውን አራግፈን አነጠፍነው። ማንም አልወሰደውም። የጣልነው እኛው ነን።

ቀለበት የተገኘበት ሰው እልል ይላል። እኛ ግን ዋንዛው ሥር ቁጭ ብለን አለቀስን። ልጁ ምን እንደነካን አልገባውም።

በዚያ ሰሞን ስለ ብረት መፈለጊያ ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር አገኘን። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመታ። ጥይቱ በሰውነቱ ውስጥ የት እንዳለ ስላልታወቀ፣ በስልክ ፈጠራው የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፈለጊያ ይዞ መጣ። ዋናው ሐኪም ግን ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ አምኖ ስለነበር የተፈተሸው ያ ጎን ነበር። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 19 ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ጥይቱ በግራ በኩል ተገኘ። መሣሪያ ቢኖርም የት እንደሚፈለግ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነበር። እኛም እንዲሁ ነበርን፤ የወሰንነው ጎን አንዲት ምስኪን ልጅ ነበረች።

በማቴዎስ ወንጌል 5፥23-24 ጌታ ያለውን ታውቃላችሁ። መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ በአንተ ላይ ቅር የተሰኘበት ነገር ትዝ ካለህ፣ መባውን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል። ለሁለት ዓመት ተኩል መባችንን ስናቀርብ ኖረናል። በተከታዩ ቅዳሜ ወደ ቡሬ ሄድን።

ልጅቷን ያገኘናት ምግብ ቤት ውስጥ ስትሠራ ነው። ስታየን ፊቷ ተለወጠ፤ ግን ወንበር አቀረበችልን። ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግነውና የት እንደተገኘ ነገርናት። «በደልንሽ፤ በልባችን ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም ሌባ አደረግንሽ» አልናት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔን ፈተሻችሁኝ። አንድ ቀን ‹ነይ አብረን እንፈልግ› ብትሉኝ እኮ ማሳው ድረስ በእግሬ እሄድ ነበር» አለችን።

ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ለጌታ ተናግሯል። እኛም የቀረውን ደመወዟን ጨምረን ይዘን ነበር። የአንድ ወሩን ቆጥራ ወሰደች፤ ትርፉን መለሰችልን። «ይቅር ብያለሁ፤ ለእግዚአብሔር ብዬ። ግን ወደ ቤታችሁ አልመለስም» አለች። ትምህርቷን ከእኛ ቤት ከወጣች ጀምሮ እንዳቋረጠች የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ቀለበት ከአፈር ይወጣል፤ የጠፋባትን ሁለት ዓመት የሚያወጣ ማሽን ግን የለም። የማታ ትምህርቷን ብትጀምር ወጪውን እንድንችል ፈቅዳልን እንደሆነ ጠየቅናት። «አስብበታለሁ» ብላናለች። እስካሁን መልስ አልሰጠችንም፤ አንጨቀጭቃትም።

በተከታዩ ረቡዕ በዚያው የጸሎት ኅብረት ቆመን እውነቱን ተናገርን። ጌታ ነገሩን እንዲገልጠው ጸልየን ነበር፤ ገልጦታል። የገለጠው የእኛን ነው።

በሉቃስ 15 ላይ ድሪሟ የጠፋባትን ሴት ስንት ጊዜ አንብበናታል! አሁን ግን ያላየነውን አየን። ያቺ ሴት መብራት ያበራችው በራሷ ቤት ነው፤ የጠረገችውም የራሷን ወለል ነው። ጎረቤቶቿን የጠራቻቸው ልትጠረጥራቸው ሳይሆን አብረዋት ደስ እንዲላቸው ነው።

ወገኖች፣ በቤታችሁ አንድ ነገር ጠፍቶ ይሆናል፤ ገንዘብ፣ ሰነድ ወይም ሰላም። ጣታችሁም ወደ አንድ ሰው ተቀስሮ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ወደ ደካማው ነው፣ ወደ ሠራተኛዋ፣ ወደ እንግዳው፣ ወደ እንጀራ ልጁ። ከመፍረዳችሁ በፊት የልባችሁን መለያ ዝቅ አድርጉት። «የእርሷ ቃል ምን ዋጋ አለው» ብላችሁ ዝም ያሰኛችሁት ድምፅ ውስጥ እውነቱ ሊኖር ይችላል። ለማንበብ መዝሙር 139፥23-24ን እንጠቁማችሁ። ዳዊት እግዚአብሔር እንዲመረምርለት የጠየቀው የባልንጀራውን ልብ አይደለም፤ የራሱን ነው።

ለጥሞና፦ ሳንጠይቅ የፈረድንበት ሰው ማን ነው? ስለ እርሱ የተናገርነውን ማን ማን ሰምቷል? በዚህ ሳምንት ሄደን ልናገኘው እንችላለን?

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ በሰው ላይ ፈጥነን ስለፈረድን ይቅር በለን። በእኛ ምክንያት አንገቷን ደፍታ የወጣችውን ልጅ አንተ ቀና አድርጋት። ቀለበቱን ያሳየኸን በቀለበቱ እንድንደሰት ብቻ እንዳልሆነ ገብቶናል። መጀመሪያ የራሳችንን ቤት መጥረግ አስተምረን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።