«ይዞት ይሄዳል»

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ የጉናን ጎን ታኮ ይጓዛል። ነሐሴ ላይ የሄደ ሰው ተራራውን እምብዛም አያየውም፤ ጉም ውጦታል። የሚያየው ውኃ ነው፤ በየመታጠፊያው ቡና የመሰለ ድፍርስ ጎርፍ። ከ4100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚህ ተራራ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በስማዳና በታች ጋይንት በኩል የሚወርደው ደግሞ በሽሎንና ዓባይን ይፈልጋል።

ላይ ጋይንት ውስጥ እግራችንን ለማፍታታት ወረድን። ከመንገዱ ሥር አንድ ወጣት ድንቹን እየረጨ ነበር። ጓንት የለው፣ ጭንብል የለው፤ አፉን በጋቢው ጫፍ ሸፍኗል። ሲጨርስ የጀርባ መርጫውን ይዞ ወደ ጅረቱ ወረደና አለቅልቆ እዚያው ደፋው። ጥቂት ዝቅ ብሎ አንዲት ልጅ ጀሪካን ትሞላለች።

«ምንድን ነው የምትረጨው?» አልኩት።

«የድንች መድኃኒት» አለና ፌስታሉን አሳየኝ። ቢጫ ዱቄት ነው፤ ስምም፣ መለያ ጽሑፍም የለው። ከገበያ በስኒ ተሰፍሮ የተገዛ ነው። ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ስኒው ግን አዋጁን አያውቀውም። ደግሞ «መድኃኒት» የምንለው ነገር እኮ ነው፤ መድኃኒት ማንን ያስፈራል?

«ውኃው ውስጥ ስትደፋውስ?»

«ጋሼ፣ ወራጅ አይደለም እንዴ? ይዞት ይሄዳል።»

እውነቱን ነው፤ ይዞት ይሄዳል። ጥያቄው የት የሚለው ነው። ለጤፍና ለስንዴ አረም የሚረጨው ቱፎርዲ በውኃ ስለሚሟሟ ከጎርፉ ጋር ቶሎ ይጓዛል። እንደ ዲዲቲ ያሉት ግን ውኃ አይወዱም፤ አፈሩን ሙጭጭ ብለው ይይዛሉ። አፈሩ ሲታጠብ አብረው ይወርዳሉ። ወንዙ ረጋ በሚልበት፣ በመስኖ ጠለፋው፣ በፎገራ ሜዳ፣ በሐይቁ አፍ ከደለሉ ጋር ይቀመጣሉ። ጥር ላይ ውኃው ኩልል ሲል ጠራ እንላለን፤ ጭቃው ግን አልጠራም። ትሉ ጭቃውን ይበላል፣ ዓሣው ትሉን፣ እኛ ዓሣውን። ተመራማሪዎች በዝዋይ ሐይቅ ዓሦች ሥጋ ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት አግኝተዋል። የጋይንት ሰው በየበጋው የሚቆፍረው እርከንም አፈሩን ብቻ ሳይሆን አፈሩ የያዘውንም ያስቀራል ማለት ነው። ይህን ለቆፋሪው የነገረው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ለወጣቱ፣ እጣቢውን እዚያው ድንቹ ላይ መልሶ እንዲረጨው፣ ወደ ጅረቱ እንዳይወርድ ነገርኩት። አልተከራከረም። ልጅቷን ዘወር ብሎ አየና ተጣራ፤ እህቱ ናት ለካ።

«አንቺ! ድፊው! ከላይ ቅጂ!»

ጀሪካኗን ደፍታ ዳገቱን ወጣች። በዓይኔ ተከተልኳት። ከላይ ያለው ማሳም ድንች ነው።