እንጦጦን በየቀኑ

የምስለው ሁሌም እንጦጦን ነው። ከመስኮቴ ሆኜ፣ በውሃ ቀለም፣ መዳፍ በምታክል ወረቀት ላይ፣ በየቀኑ። «አይሰለችሽም ወይ?» ይሉኛል። ተራራው አንድ ነው፤ ብርሃኑ ግን አይደገምም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከቀኝ ገብታ ሸንተረሩን ከሸለቆው ትለየዋለች፤ ጥላው ሰማያዊ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይዋ ቶሎ ሽቅብ ትወጣለች፤ ረፋዱ ላይ ተራራው ልሙጥ ግድግዳ ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴ ብዙውን ቀን ጉም ብቻ ነው የምስለው። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ባሕር ዛፉ አንድ በአንድ የሚቆጠር ይመስላል። በየካቲት ደግሞ አቧራው ሁሉን ያደበዝዘዋል፤ አረንጓዴ ቀለም የምነካው ከስንት አንዴ ነው።

ፈረንሳዊው ሰዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1891 እ.ኤ.አ. የሚስላቸው የወንዝ ዳር ዛፎች ሊቆረጡ ሲሉ፣ ከእንጨት ነጋዴ ጋር ተስማምቶ ገንዘብ ከፈለና ሥራውን እስኪጨርስ አቆያቸው። እኔ ፊት ለፊቴ የሚነሳውን ፎቅ የማስቆምበት ገንዘብ የለኝም። 7ኛው ወለል ላይ ደርሷል፤ የተራራውን ግራ ጎን ወስዶታል። ወረቀቶቹን በተርታ ስደረድራቸው እንጦጦ ከግራ በኩል ሲያልቅ ይታያል። ሳላስበው መዝገብ ሆነውልኛል።

ስለዚህ ፎቁን ዘልዬ አልስልም። የኮንክሪቱን ጥላ እስላለሁ፤ ከጎኑ የቀረችውን ተራራ ደግሞ ቶሎ ቶሎ።