«ሲስተም የለም» ሲባል

«ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለሱ!»

ይህን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ባለጉዳይ ማግኘት ይከብዳል። ወረፋ የያዘው ሕዝብ «ኔትወርክ ይሆናል» እያለ ይበተናል። ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሱ አንዲት እናት ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ። ከመስኮቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ግን አንድ ወጣት ባለሙያ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል።

ኔትወርኩ ደህና ነው። ዳታቤዙም ደህና ነው። ያስቸገረው ቀን የምታሳይ አንዲት ታግ ናት።

የመሥሪያ ቤቱ ሲስተም ከዓመታት በፊት በጄኤስፒ የተሠራ ነው። የቀድሞዎቹ ፕሮግራመሮች አንድን ኮድ በየገጹ ላለመድገም የራሳቸውን ታግ ሠሩ። ገጹ ቀኑን በጽሑፍ ይልካል፤ ታጓ በሴተር ሜተድ ትቀበላለች። ሥራው ይኸው ነው።

ያቺው ታግ የምዝገባው ገጽ ላይ ትሠራለች፤ የክፍያው ገጽ ላይ ግን «ጽሑፉን ወደ ቀን መቀየር አልተቻለም» የሚል ስህተት ታወጣለች። በባለሙያው ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም ገጾች ይሠራሉ። የቶምካትን ወርክ ፎልደር አጥፍቶ ሰርቨሩን ሪስታርት ሲያደርግ አንዳንዴ ይስተካከላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ደህና የነበረው ገጽ ይበላሻል። አለቃው «ሪስታርት አድርገውና ተወው፤ ሠራ አይደል?» ይሉታል።

የተለመዱትን ምክንያቶች አንድ በአንድ አየ። የስሙ ፊደላት ትክክል ናቸው። ሴተሩ ቮይድ ነው። የቆየ ጃር ፋይልም ተደርቦ አልተገኘም።

በመጨረሻ የታጓን ክላስ ከላይ እስከ ታች አነበበ። በአንድ ስም ሁለት ሴተሮች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጽሑፍ ይቀበላል፣ ሌላው ዴት። ጌተር የለም። ቶምካት ገጹን ወደ ጃቫ ሲተረጉም የትኛውን ሴተር እንደሚጠራ የሚያውቀው ከጃቫ ኢንትሮስፔክተር ነው። ጃቫ ደግሞ የአንድን ክላስ ሜተዶች በዚህ ቅደም ተከተል እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ጃቫ 7 ወዲህ ቅደም ተከተሉ ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ሊለዋወጥ ይችላል። ይህ ሲስተም የሚሠራው በጃቫ 8 ነው።

ምርጫው እንግዲህ ዕጣ ነበር። ገጹ በተተረጎመበት ቀን የወጣው ዕጣ፣ ገጹ ዳግም እስኪተረጎም አብሮት ይኖራል። የምዝገባው ገጽ ጥሩ ዕጣ ወጣለት፤ የክፍያው መጥፎ። ሪስታርቱ ችግሩን አልፈታም፤ ዕጣውን እንደገና አወጣ እንጂ።

ዴት የሚቀበለውን ሴተር ሌላ ስም ሰጠው፤ ይጠሩት የነበሩትን የኮድ መስመሮች አስተካከለ፤ ወርክ ፎልደሩን ለመጨረሻ ጊዜ አጸዳ። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ሳምንታት የፈጀው ፍለጋው ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጨርሶ የቆመ ማሽን ጠጋኝ ይጠራለታል። አንዳንዴ የሚሠራው ግን «ተሻለው» እየተባለ ስንት ዓመት ይኖራል። ዋጋውን የሚከፍለው አለቃው አይደለም፤ ወረፋው ላይ የቆመው ሰው ነው።

ስለዚህ «ሠራ አይደል?» ከማለት በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት፦ ለምን ሠራ? ባለሙያው ይህን የሚመልስበት ጊዜ ካልተሰጠው፣ እኚያ እናት ለአራተኛ ጊዜ ይመለሳሉ።