አጥፉልኝ



ስለ ዛይራ ዋሲም ሰምታችሁ ይሆናል። የካሽሚር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 «ዳንጋል» በተሰኘው የህንድ ፊልም ስትታወቅ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። የአገሯን ብሔራዊ የፊልም ሽልማትም አገኘች። በ2019 ግን፣ በ18 ዓመቷ፣ ሥራው ኢማኗን እየጎዳባት መሆኑን ገልጻ ተዋናይነቱን ተወች። በ2020 ደግሞ አድናቂዎቿን አንድ ነገር ለመነች፤ በየገጻቸው የለጠፉትን ፎቶዋን እንዲያጠፉላት።

እስቲ አስተውሉ! ያን ሁሉ ዝና ያየች ልጅ የለመነችው ገንዘብ አይደለም፤ የገዛ መልኳን እንዲመልሱላት ነው።

ይህን የማነሳው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ በእኔም እጅ አለ። ከማስቀራቸው ልጆች መካከል ድምፁ ልብ የሚነካ የ12 ዓመት ልጅ አለ። ባለፈው ረመዳን ቁርኣን ሲቀራ በስልኬ ቀረጽሁትና ለወዳጆቼ ላክሁት። እርሱንም እናቱንም አላስፈቀድሁም። ኒያዬ መልካም ነው ብዬ ነበር። ምስሉ ከሰው ሰው ተላለፈ። በመስጂድ ትልልቅ ሰዎች እየጠሩ «እስቲ ቅራልን» ይሉት ጀመር። አንድ ቀን በሰው መካከል አንድ አያ ጠፋውና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ እየተቀመጠ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቅራት አመጣ። ለብቻችን ስንሆን «ኡስታዝ፣ ያንን ነገር ያጥፉልኝ» አለኝ።

ከስልኬ አጠፋሁት። በሳምንቱ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ የማላውቀው ሰው ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ «ይህን ልጅ አይተውታል?» አለኝ። ምን ልበለው?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኑር አንቀጽ 27 ሳናስፈቅድና ሰላምታ ሳናቀርብ ወደ ሰው ቤት እንዳንገባ አዞናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ማስፈቀድ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑን አስተምረውናል። እኔ የልጁን ቤት ደፍሬ አልገባሁም፤ ግን ስንት ዓይን እንዳስገባሁበት አላህ ይወቀው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም አላህ ፈሪውን፣ በቃኝ ባዩንና ከሰው እይታ የተሰወረውን ባሪያ እንደሚወድ ተነግሮናል። ዛይራ ወደዚያ ስውርነት ለመመለስ ሰው ለመነች። ተማሪዬን ግን ከዚያ ያወጣሁት እኔው ኡስታዙ ነኝ።

ወላጆች ሆይ! የልጆቻችሁን ምስል ለሰው ከመላካችሁ በፊት ጠይቋቸው። ሕፃን ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ሕፃንም ያፍራል። «አጥፉልኝ» ያለንን ሰው ደግሞ ለምን ብለን ሳንመረምር እናጥፋለት።

ልጁን «አፉ በለኝ» አልሁት። እጄን ስሞ ዝም አለ። ድምፁ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም።

አላህ የእኛን ነውር እንደሰተረልን፣ እኛም የልጆቻችንን ገመና የምንሰትር ያድርገን። አሚን!