ሾፌር የሌለው ባቡር

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ለኢንተርቪው ስንሄድ መንገዱ እንዴት ነው?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ባለፈው ሳምንት የደረሰብንን ልንገራችሁ።

አንዲት እናት ናቸው፤ ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው የመጡ። እትዬ ነው የምላቸው። የጥገኝነት ቃለ መጠይቃቸው ቀን ፓሪስን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚያቋርጠው 14 ቁጥር ሜትሮ ከሴን ዴኒ ተሳፈርን። ጋር ደ ሊዮን ወርደን ሌላ ባቡር እንይዛለን። «9ኛው ፌርማታ ላይ ነው የምንወርደው» አልኳቸው፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል።

14 ቁጥር ሾፌር የለውም። በፈረንጆቹ 1998 ሲከፈት ጀምሮ በኮምፒውተር ነው የሚሄደው። በ2024 ደግሞ በሰሜን እስከ ሴን ዴኒ፣ በደቡብ እስከ ኦርሊ አየር ማረፊያ ደርሷል። ፌርማታው በመስታወት የታጠረ ነው፤ የመስታወቱና የባቡሩ በር አብረው ይከፈታሉ፣ አብረው ይዘጋሉ። የአዲስ አበባው ባቡር እንኳ ሾፌር አለው። እኔ እንደመጣሁ ሰሞን ፊተኛው መስኮት ጋ ቆሜ ሐዲዱን እያየሁ ራሴን ሾፌር አደርግ ነበር። አትሳቁ።

ሴን ላዛር ስንደርስ ሰዉ ጎርፍ ነው። ወራጁ እትዬን ገፍቶ ይዟቸው ወጣ። ደወሉ ጮኸ፣ በሩ ተዘጋ። እሳቸው ውጭ፣ እኔ ውስጥ። «ወራጅ አለ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ማን ሊሰማኝ? ነጠላቸው በመስታወቱ ታየኝና ጠፋ። ስልካቸው ካርድ የለውም፣ ፈረንሳይኛ አይችሉም፣ የቀጠሮ ወረቀታቸው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ማድሌን ወርጄ ተመለስኩ። በሥራ መግቢያ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ ባቡር ይመጣል። እትዬ ግን የሉም። ፌርማታውን ከዳር እስከ ዳር ሮጥኩበት። የጨነቀኝን እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ጋር ደ ሊዮን ሄድኩ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ዘጠኝ ብለኸኝ የለ? አምስተኛው ላይ ጣሉኝ፤ በሚቀጥለው ገብቼ አራት ቆጠርኩ። ሰው ቢነዳው ኖሮ ለምኜ አስቆመው ነበር፣ ልጄ። ይሄ ልመና አይሰማ!» ብለው ሳቁ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ወረቀታችሁን ራሳችሁ ያዙ። ያ የኔ ጥፋት ነበር። ከተለያያችሁ የቀረው ሰው ካለበት አይነቃነቅ፤ የሄደው ይመለስ። እኛ የተገናኘነው በእትዬ ብልሃት ነው፣ በኔ አይደለም።

ቀጠሮው ላይ ለጥቂት ደረስን። ሲወጡ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ስንመለስ እዚያው ሴን ላዛር ጋ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው «ከካርቱም የወጣሁበትን ቀን ሳላምታታ አልቀረሁም» አሉኝ። ፌርማታ ያልተምታታባቸው ሴትዮ! ምን ልበላቸው?

ልጆቻቸው ካምፓላ ናቸው፣ ይህን ገጽ ያነባሉ። እናታችሁ ደህና ናቸው። መልሱ ገና አልመጣም።