«አጠገብሽ ማነው?» ፍቅረኛሞችን የሚያጣላው አሮጌ ኮምፒውተር

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቅናትና ስለ ኮምፒውተር ነው። «ደግሞ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ። ይገናኛሉ! እኔ አሮጌ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝና ብዙ ቤት እገባለሁ። ብዙ ቤትም በአንዲት ቃል ሰበብ ሲኮራረፍ አይቻለሁ። ቃሏም «ሃሎ… ሃሎ… ይሰማሻል?» የምትለዋ ናት።

ልጅ ዱባይ፣ እጮኛ ሚኒሶታ፣ ወንድም ቴል አቪቭ በሆነበት በዚህ ዘመን ቤተሰብ የሚገናኘው በኢንተርኔት ነው። ድሮ ወረፋ ይዘን፣ ደቂቃ እየቆጠርን፣ በጩኸት እናወራ ነበር። ዛሬ ደቂቃው ባይቆጠርም ድምፁ ይቆራረጣል። ሁሉም ሰው ታዲያ የሚረግመው ኔትወርኩን ነው። እርግጥ ኔትወርኩ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ብዬ ልከራከርለት አይደለም። ግን በተጠራሁባቸው ቤቶች ስንት ጊዜ ጥፋተኛው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው፣ አሥር ዓመት ያገለገለው ኮምፒውተር ሆኖ አግኝቼዋለሁ!

ነገሩ ወዲህ ነው። ድምፃችን በኢንተርኔት ሲሄድ እንደ ቧንቧ ውሃ አይፈስም። ኮምፒውተሩ ይከታትፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዷ ቁራጭ 20 ሚሊ ሰከንድ ናት። በአንድ ሰከንድ 50 ቁራጭ ይላካል ማለት ነው። ሠርገኛ የጫኑ ሃምሳ ሚኒባሶች ተከታትለው ሲነሱ አስቡት። አንዱ መንገድ ተዘጋግቶበት ቢዘገይ ሙሽራው አይጠብቀውም፤ ሥነ ሥርዓቱ ይቀጥላል። ድምፅም እንዲሁ ነው። የዘገየች ቁራጭ ብትደርስም እንኳ ጊዜዋ አልፏልና ትጣላለች። አንዲት ብቻ ብትጎድል ፕሮግራሙ በግምት ይደፍናታል፤ ጆሯችንም አያውቅባት ይሆናል። አሥሩ ተከታትለው ሲጠፉ ግን የሰከንድ አንድ አምስተኛ ጠፋ ማለት ነው። ይህ ከአንድ ቃል አንድ ፊደል ለመዋጥ ይበቃል።

የኛ ቋንቋ ደግሞ እዚህ ላይ ክፉ አመል አለው። እምቢታችንን የምናስረው በቃሉ ጫፍና ጫፍ ነው። «አልሞተም» ከሚለው ላይ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ቁረጡለት… ምን ቀረ? «ሞተ!» ይኸው ነው። አንዲት እናት ስለታመመ ወንድማቸው ልጃቸውን ጠይቀው ይህንኑ ሰሙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጎረቤት ከመጥራታቸው በፊት ልጃቸው በጽሑፍ መልእክት የደረሰላቸው ለትንሽ ነው። ይህንን ኔትወርክ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል እንዴ?

አሁን ወደ ቅናቱ እንምጣ። አንዲት ወጣት ጠራችኝ። እጮኛዋ አሜሪካ ነው። በኮምፒውተር ምስሏን እያየ ይጠይቃታል፤ መልሷ ግን ዘግይቶ፣ ተቆራርጦ ይደርሰዋል። «አጠገብሽ ማነው? አንድ ነገር በጠየቅኩሽ ቁጥር ለምንድነው አስበሽ የምትመልሺው?» ይላታል። ትምልለታለች፤ መሐላዋም ተቆራርጦ ይሄዳል! «እኔ ሰልችቶኛል፣ ቀለበቱን ልልክለት ነው» አለችኝ፤ እንባዋ እየመጣ።

ሰው ሲያወራ ከጥያቄ እስከ መልስ ያለውን ክፍተት ሳያውቀው ይለካል። ክፍተቱ ከረዘመ «ይዋሻል፣ ይደብቃል፣ ተቀይሟል» ብሎ ይተረጉማል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክርም ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ቢደርስ መልካም ነው፣ ከ400 ማለፍ ግን የለበትም የሚል ነው። የነዚህ ልጆች ክፍተት ወደ ሁለት ሰከንድ ይጠጋ ነበር። ሁለት ሰከንድ ለቀናተኛ ሰው ዓመት ነው!

«ሁሉንም እንደወትሮሽ ክፈቺና ኢንተርኔቱን ብቻ አጥፍተሽ ድምፅሽን ኮምፒውተሩ ላይ ቅጂ» አልኳት። ቀዳች። መልሰን አዳመጥነው። ወይ ጉድ! ያለ ኢንተርኔትም ይቆራረጣል። ኔትወርኩ በነፃ ተለቀቀ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነን የማሽኑን ሥራ ስናይ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ተይዟል። ራሙ 2 ጊጋ ባይት ብቻ ነው፤ እሷ ግን ከሃያ በላይ የኢንተርኔት ገጾች ከፍታለች። ራሙ ሲሞላ ማሽኑ ወደ ሃርድ ዲስክ እየሮጠ ያራግፋል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ዘገምተኛ ነው። ከኋላ ያለውን ክዳን ስፈታ ፋኑ ውስጥ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ምስኪኑ ማሽን ድምፅ መከታተፍ፣ ምስል መጭመቅ፣ ማስተጋባት ማጥፋት፣ ምስጢር መቆለፍ… ይህን ሁሉ በትኩሳት ነበር የሚሠራው!

ፋኑን በብሩሽ ጠረግሁ፤ የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት ቀየርኩ። ገጾቹን ዘጋን። ገመድ አልባ ኢርፎኗን አስወልቄ ባለ ገመድ ሰጠኋት። ገመድ አልባው ብሉቱዝ ከድሮ ዋይፋይ ጋር በአንድ 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ይጋፋላ! በዚያ ላይ ማይኩ ሲከፈት ብዙ የብሉቱዝ ኢርፎኖች የድምፅ ጥራታቸው ይወርዳል። ከዚያ ያለ ምስል ደወለች። ጥያቄው ገና ከአፉ ሳይወጣ መልሷ ደረሰ። ልጁ ትንሽ ዝም አለና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዛሬስ ብቻሽን ነሽ!» ቅናት መቼም መድኃኒቱ በኔ እጅ የለም። ቀለበቱ ግን ጣቷ ላይ ቀረ።

እንግዲህ እናንተም ጠጋኝ ከመጥራታችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመኮራረፋችሁ በፊት፣ ይህን ሞክሩ።

አንደኛ፣ ጥፋቱ በየትኛው ወገን እንደሆነ እወቁ። እናንተ እሱን በደንብ እየሰማችሁ እሱ እናንተን ተቆራርጦ የሚሰማ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በእናንተ በኩል ነው። ከሌላ ሰው ጋር ስታወሩ ጥርት የሚል፣ ከእሱ ጋር ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ግን የራሱን ቤት ይፈትሽ።

ሁለተኛ፣ ልጅቷ እንዳደረገችው ድምፃችሁን ያለ ኢንተርኔት ቅዱ። ቅጂው ከተቆራረጠ ኮምፒውተራችሁን አክሙ። የድምፅ ማሳመሪያ የሚባሉ ምርጫዎች በማሽናችሁ ካሉ አጥፏቸው፤ አሮጌ ማሽን ላይ ጉዳታቸው ሊብስ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰክታችሁ አውሩ፤ ባትሪ ቆጣቢው ፍጥነቱን ይቀንሰዋልና።

ሦስተኛ፣ ቅጂው ጥርት ካለ በዚያው ዋይፋይ በሞባይል ደውሉ። ሞባይሉ ደህና ከሆነ አሁንም ተጠርጣሪው ኮምፒውተሩ ነው። ሞባይሉም ከተቆራረጠ ወደ ኔትወርኩ እንሂድ። ወደ ራውተሩ ቅረቡ፤ ከተገኘ በገመድ አገናኙት። ከዚያ ቤቱን ጠይቁ፦ ፊልም የሚያወርድ ማነው? ቪዲዮ የሚጭንስ? አንድ ወንድም የሠርግ ቪዲዮ ሲጭን የእናንተ ድምፅ ከኋላው ተሰልፎ ይቀራል። ማይክሮዌቭ ምድጃም ያንኑ 2.4 ጊጋኸርዝ ይረብሻል፤ ወጥ ማሞቁን ለሌላ ሰዓት አድርጉት። ዊንዶውስም ሳትጠይቁት አፕዴት ያወርዳል። ግንኙነቱን «ሂሳብ የሚቆጥር» ብላችሁ ብትመዘግቡት አብዛኛውን ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል።

አራተኛ፣ ምስሉን አጥፉ! ድምፅ ብቻውን ትንሽ ነው የሚበላው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃው የወጣለት ኦፐስ የተባለው የድምፅ መጭመቂያ በሰከንድ ከ6 ኪሎ ቢት ጀምሮ ይሠራል። ምስል ግን መቶዎችን ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩንም ያጨናንቀዋል። ፊቱ ናፍቆን ከሆነ መጀመሪያ አይተነው፣ ሰላም ብለነው፣ ከዚያ ምስሉን ዘግተን ቁም ነገሩን እናውራ።

አንዳንዱ ደግሞ ፋኑም ንጹሕ፣ መስመሩም ደህና ሆኖ ፕሮግራሙ ራሱ ያረጀበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ስካይፕ በግንቦት 2025 ተዘግቷል፤ ምልክቱ ግን እስካሁን ስንት አሮጌ ማሽን ላይ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ በጥር 2020፣ የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 አቁሟል። ማሽኑ አዲሱን ዊንዶውስ የማይችል ከሆነ ግን አትጣሉት። እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ቀለል ያለና ነፃ ሥርዓት ሲጫንበት አንገቱን ቀና የሚያደርግ ብዙ አሮጌ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መስመሩ የሚከፋበት ቀን አይጠፋም። ያን ቀን ስለ ሠርግ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሕመም አትነጋገሩ። በቃ፣ «ዛሬ መስመሩ ጥሩ አይደለም» ተባባሉና ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩ። የተቀዳ መልእክት የሚጠብቀው ሙሽራ የለውም፤ ቢዘገይ ዘግይቶ ሙሉውን ይደርሳል። ቁጣም ከሆነ፣ ሰው መልሶ አዳምጦት ሊያጠፋው ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጨምር። ስለ ታመመ ሰው ስትጠየቁ «አልሞተም» አትበሉ። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» በሉ፤ ሁለት ጊዜ። የቱም ጫፍ ቢቆረጥ ደህና ይተርፋልና።

ቸር ሰንብቱ!